ድንኳኑ ሳይተከል ትኬቱ ለምን ይሸጣል?

ጅማ፣ አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት ተቀምጠው ሳሉ አንድ ማስታወቂያ ደረሰዎ እንበል። የሳይንሳዊ ልብ ወለድ አንባቢዎች ወይም የጃፓን አኒሜ ተመልካቾች ከአምስት ወር በኋላ ጅማ ላይ ተገናኝተው አንድ ሙሉ ቀን አብረው ሊውሉ ነው። «ትኬት አሁን 650 ብር፣ በዕለቱ በር ላይ 800 ብር» ይላል። አዳራሹ የት እንደሆነ አልተጻፈም። ተጋባዥ እንግዶቹም «በቅርቡ እናሳውቃለን» ተብለው ታልፈዋል። አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ገና ላልተዘጋጀ ነገር ገንዘብ የሚሰበሰበው ለምንድን ነው? ቀድሞ ለከፈለስ የሚቀነስለት ለምንድን ነው? ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ነገር ይመልሳቸዋል። እሱን ደረጃ በደረጃ እንየው።

በመጀመሪያ የምናወራው ስለ ምን ዓይነት ዝግጅት እንደሆነ እንለይ። የአድናቂዎች ጉባኤ የምለው አንድን ነገር፣ መጽሐፍም ይሁን ፊልም ወይም ስፖርት፣ የሚወዱ ሰዎች ለራሳቸው ብለው ራሳቸው የሚያሰናዱትን መሰባሰብ ነው። አዘጋጆቹ ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ ቀን ሥራቸው ላይ ውለው ማታ ስልክ ሲደውሉ የሚያመሹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በዓለም ላይ አንጋፋ ከሚባሉት አንዱ ዎርልድኮን በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የዓለም የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጉባኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ኒውዮርክ ላይ ሲጀመር የተገኘው ሰው 200 ያህል ነበር፤ ዛሬም የሚመራው በበጎ ፈቃደኞች ነው። ከእኛ ወገን ደግሞ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 ተመሥርቶ የአሜሪካ የነፃነት ቀን በሚውልበት ሳምንት አካባቢ በየዓመቱ ከተማ እየቀያየረ የእግር ኳስ ውድድርና የባህል ዝግጅት ያካሂዳል። ብዙው ሰው የሚሄደው ለኳሱ ብቻ አይደለም። የጥንት ጓደኛውን ሊያገኝ፣ ክትፎ ሊበላ፣ ሙዚቃ ሊሰማ ነው።

እዚሁ አገር ቤትም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ስሙ ብቻ ይለያያል። የጅማ አባ ጅፋር እግር ኳስ ክለብ ደጋፊ፣ ቡድኑ በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ከከተማ ከተማ እየተጓዘ ነበር የሚከተለው። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ በየተራ ሲካሄድ ደግሞ የራስን ቡድን ማየት ራሱ ረጅም መንገድ ሆነ። ደጋፊዎች ለእንዲህ ያለ ጉዞ መኪና የሚኮናተሩት ገንዘብ አስቀድመው አዋጥተው ነው። የጉዞ ማኅበራትም እንዲሁ ያደርጋሉ። ታኅሣሥ 19 ቀን ለሚከበረው የቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል ከጅማ የሚነሳ ሰው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ስለዚህ ማኅበሩ ትኬቱን ከበዓሉ ብዙ ቀደም ብሎ ይሸጣል፤ ትኬቱ ላይም መጓጓዣን፣ ምግብንና ማደሪያን የሚያካትት መሆን አለመሆኑን ይጽፋል። ስለ አድናቂዎች ጉባኤ የምነግርዎ አብዛኛው ነገር ለእነዚህም ይሠራል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንግባ። ትልቅ ድርጅት ያለው ዝግጅት ከትኬት ሌላ ምንጭ አለው፤ ስፖንሰር ይኖረዋል፣ ካለፈው ዓመት የተረፈ ገንዘብ ይኖረዋል። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በ10,000 ተሳታፊ ሲጀምር ከጀርባው ኃይሌ ገብረሥላሴን የመሰለ ስምና ስፖንሰሮች ነበሩት። እሱም ቢሆን ምዝገባውን ከሩጫው ብዙ ቀደም ብሎ ያካሂዳል፤ ምክንያቱም መሮጫ ካናቴራው ራሱ መግቢያ ስለሆነ ስንት ካናቴራ እንደሚታዘዝ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። አምስት ወይም ስድስት ወጣቶች ጅማ ላይ የሚያሰናዱት ጉባኤ ግን ስምም ስፖንሰርም የለውም። ያለው የአዘጋጆቹ ኪስና የእርስዎ ትኬት ብቻ ነው።

ችግሩን የሚያከብደው ወጪው ከገቢው ቀድሞ መምጣቱ ነው። የገንዘብ ፍሰት የሚባለው ይህ ነው፤ ስንት ገባ ስንት ወጣ ከማለት አልፎ መቼ ገባ መቼ ወጣ ብሎ መጠየቅ። የቡና አገር ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። እሸት ቡና ተለቅሞ አያድርም፤ በሰዓታት ውስጥ መፈልፈያ ጣቢያ መድረስ አለበት። የገበሬዎቹ ማኅበርም ዋጋውን እጅ በእጅ ይከፍላል። ቡናው ታጥቦና ደርቆ ተሽጦ ገንዘቡ የሚመለሰው ግን ከወራት በኋላ ነው። ያንን ክፍተት የሚሸፍንለት ብድር ያላገኘ ማኅበር ቀይ ቡና በየጓሮው ሞልቶ እያየ ጣቢያውን ዘግቶ ይውላል። የጉባኤ አዘጋጅም ችግሩ ይኸው ነው። አዳራሽ አከራዩ፣ የድምፅ መሣሪያ ባለቤቱ፣ ከአዲስ አበባ ለሚመጣው እንግዳ የሚያዘው አልጋ፣ ሁሉም አስቀድሞ ገንዘብ ይፈልጋል። የበር ላይ ገንዘብ ግን በዕለቱ ጠዋት ነው የሚመጣው። የገበሬዎቹ ማኅበር ቢያንስ ወደ ባንክ ወይም አባል ወደሆነበት የኅብረት ሥራ ዩኒየን ይሄዳል፤ መያዣ ለሌላቸው ወጣቶች ግን ባንክ በቀላሉ አያበድርም። የሚያበድራቸው ቀድሞ ትኬት የሚገዛው ሰው ነው።

ስለዚህ ያ 650 ብር ግማሽ ገጽታው ግዢ፣ ግማሽ ገጽታው ብድር ነው። የተቀነሰልዎ 150 ብር ደግሞ የብድሩ ወለድ ነው። በ650 ብር ላይ ሲሰላ 23 በመቶ ይደርሳል፤ ለአምስት ወር ከሆነ ከማንም ባንክ የቁጠባ ወለድ የሚበልጥ ነው። ይህን ያህል የሚሰጥዎ በቸርነት አይደለም። ጉባኤው ሳይካሄድ ሊቀር ይችላል፣ ያኔ ገንዘብዎ የት እንደሚገባ ዛሬ እርግጠኛ አይደሉም፤ ቅናሹ ይህን ሥጋት የተሸከሙበት ዋጋ ነው። ይህን አንዴ ከተረዱ በኋላ ትኬት ሲገዙ የሚጠይቁት ጥያቄ ይለወጣል። ዝግጅቱ ጥሩ ይሆናል ወይ ከማለት በፊት «ያበደርኩት ገንዘብ ምን ላይ ይውላል?» ይላሉ።

ምን ላይ ይውላል? በአብዛኛው ቀብድ ላይ። ቀብድ ውል መያዙን ለማረጋገጥ ከሙሉ ክፍያው ቀድሞ የሚሰጥ ገንዘብ መሆኑን ያውቃሉ። ሕጉ ምን እንደሚል ግን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ጠቃሚ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1883 ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። ከዚያም በአንቀጽ 1885፣ ሁለቱ ወገኖች በሌላ መንገድ ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው የሰጠውን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢተው ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህ ድንጋጌ ለጉባኤ አዘጋጅ ሁለት ትርጉም አለው። አዘጋጆቹ ሐሳባቸውን ቢለውጡ ለአዳራሹ የሰጡት ቀብድ፣ ማለትም የእርስዎ ትኬት ገንዘብ፣ አይመለስም። አከራዩ ግን ሠርግ መጣልኝ ብሎ አዳራሹን ለሌላ ቢሰጥባቸው 20,000 ብር የተቀበለ 40,000 ብር ይመልሳል። በሠርግ ወራት አዳራሽ የተከራየ ሰው ይህ አንቀጽ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያውቃል። ግን የሚሠራው ወረቀት ሲኖር ነው፤ «ወንድሜ፣ በእኔ ይሁንብህ» ተብሎ በቃል የተያዘ አዳራሽ ማስረጃ የለውም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎ። እርስዎ የከፈሉት 650 ብር ራሱ ቀብድ አይደለም፤ ሙሉ ዋጋ ነው። ስለዚህ ጉባኤው ቢቀር የእጥፍ ደንብ ለእርስዎ ይሠራል ብለው አይመኩ። እርስዎን የሚገዛው በትኬቱ ላይ ወይም በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው የመመለሻ ቃል ነው። የተጻፈ ነገር ከሌለ ከመክፈልዎ በፊት ያስጽፉ።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተያዙ ናቸው። ወጪ ሁለት ዓይነት ነው። ቋሚ ወጪ የሚባለው 1 ሰው መጣ 300 ሰው መጣ የማይለወጠው ነው፤ አዳራሹ 40,000፣ የድምፅ መሣሪያው 20,000፣ የመብራት ማመንጫው 10,000፣ የእንግዶች መጓጓዣና ማደሪያ 30,000፣ በድምሩ 100,000 ብር ይሁን። ተለዋዋጭ ወጪ ደግሞ በሰው ቁጥር የሚጨምረው ነው፤ ምሳና የሻይ ሰዓት ለአንድ ሰው 300 ብር ይሁን። በ800 ብር የገባ ሰው 300 ብሩን ይበላዋል፣ 500 ብሩ ወደ ቋሚው ወጪ ይሄዳል። 100,000 ለ500 ሲካፈል 200 ነው። ይህ ቁጥር ወጪ መሸፈኛ ነጥብ ይባላል። 199 ሰው ቢመጣ ከአዘጋጆቹ ኪስ ይወጣል፣ ከ200 በላይ የሚመጣው ለሚቀጥለው ዓመት ይተርፋል።

ቅናሹን አሁን እናስገባ። የመጀመሪያዎቹ 100 ሰዎች በ650 ብር ቢገዙ እያንዳንዳቸው ለቋሚው ወጪ የሚያዋጡት 350 ብር ብቻ ነው፤ በጠቅላላው 35,000። የቀረውን 65,000 ብር በ800 የሚገቡት መሸፈን አለባቸው፤ ለዚህም 130 ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ መሸፈኛው ነጥብ ከ200 ወደ 230 ከፍ አለ። አዘጋጆቹ ቅናሹን ሲሰጡ በገዛ እጃቸው 30 ሰው ተጨማሪ የመፈለግ ግዴታ ገቡ ማለት ነው። ለምን እንዲህ ያደርጋሉ? ያ 35,000 ብር ዛሬ ስለሚገባ ነው። ለአዳራሹ ግማሽ ቀብድ 20,000፣ ለድምፅ መሣሪያው ግማሽ 10,000፣ ለመብራት ማመንጫው ግማሽ 5,000፤ እዚህ ላይ አለቀ። የተሰበሰበው በጠቅላላ 65,000 ነው አይደል? ቀሪው 30,000 የ100 ሰው ምሳ ነው፤ ካዝና ውስጥ ቢታይም የዛሬ ገንዘብ አይደለም። ልምድ የሌለው ገንዘብ ያዥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ብር ሲያይ ባነሩን ያሳምራል፣ ካናቴራ ያሳትማል፣ በመጨረሻው ሳምንት ምግብ አብሳይዋ ስትመጣ የሚሰጣት ያጣል።

በዚህ ላይ የአገራችንን አመል እንጨምርበት። የአዘጋጅ ጓደኛ፣ የአዘጋጅ አክስት ልጅ፣ አብሮ ያደገ ሰፈርተኛ ሁሉ «እኔም ልከፍል?» ይላል። 20 ሰው በነፃ ቢገባ የሚበላው 6,000 ብር ነው፤ ያንን ለመሸፈን በሙሉ ዋጋ የሚገቡ 12 ተጨማሪ ሰዎች ያስፈልጋሉ። ጓደኛዎ ጉባኤ ካዘጋጀ ሊያደርጉለት የሚችሉት ትልቁ ውለታ ከፍለው መግባት ነው። ያውም ቀድመው።

ቅድመ ሽያጭ ከገንዘቡ ሌላ አንድ ነገር ይሰጣል፤ ቁጥር። ከአጋሮ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአጋሮ ሰው ጠዋት መጥቶ ማታ ይመለሳል። ከቦንጋ የሚመጣው ግን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ዝግጅቱ ከመሸ ካለቀ ሚኒባስ አያገኝም፤ ማደር አለበት። ከየት ስንት ሰው እንደሚመጣ አስቀድሞ ያወቀ አዘጋጅ ፕሮግራሙን ቀኑ ሳይመሽ ይጨርሳል፣ ወይም አልጋ በጅምላ ዋጋ ይዞ ይጠብቃል። ሁሉም «በር ላይ እገዛለሁ» ካለ ግን ለ100 ሰው ያብስል ወይስ ለ300? ቢያበዛ ምግብ ይደፋል፣ ቢያሳንስ እንግዳ ይራባል። ስለዚህ ጥሩ የትኬት ቅጽ የመጡበትን ከተማና የማደር ፍላጎትዎን ይጠይቃል። ይህን ሲጠየቁ ለምን ብለው አይቆጡ።

መቼ እንደሚሸጥም ትልቅ ነገር ነው፤ በቡና ከተሞች ደግሞ ከሌላው ቦታ በተለየ። በጅማ ዙሪያ ቡና በአብዛኛው የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በእነዚያ ወራት ኪስ ይሞላል፤ ሱቁም ምግብ ቤቱም ባጃጁም ከቡናው ገንዘብ ይደርሰዋል። በክረምት ግን ቤተሰብ ለማዳበሪያ፣ ለቀለብና ለልጅ ትምህርት ቤት ይጨነቃል፤ በነሐሴ ትኬት የሚሸጥ አዘጋጅ የሚያገኘው ደመወዝተኛውን ብቻ ነው። በሌላ በኩል ጉባኤውን በኅዳር ማካሄድ ስህተት ነው፤ ሰው ሁሉ ለቀማ ላይ ነው፣ አልጋውንም የቡና ነጋዴ ይዞታል። እኔ ብጠየቅ ቅድመ ሽያጩን በኅዳር ከፍቼ ጉባኤውን የካቲት ላይ አደርገዋለሁ። ጅማ ዝናብ የሚወድ አገር ነው፤ ለግቢ ውስጥ ድንኳንና ለመንገድ የሚመቸው ያ ደረቅ ወቅት ነው። ሁዳዴ መቼ እንደሚገባና ረመዳን መቼ እንደሚውል ግን አስቀድሞ መታየት አለበት፤ ጅማ ላይ ሁለቱንም ያላየ አዘጋጅ ምሳውን ለማን እንዳበሰለ አያውቅም።

የዋጋ ንረቱም ቀድሞ መሸጥን ሁለት ስለት ያለው አድርጎታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በእንዲህ ያለ ጊዜ በድሮ ዋጋ ትኬት ሸጦ ገንዘቡን ያስቀመጠ አዘጋጅ ይከስራል። ገንዘቡ በገባ ሳምንት አዳራሹንና መሣሪያውን በቁርጥ ዋጋ ውል ያሰረ ግን ይተርፋል። አዘጋጁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ አዳራሹ መያዙን መጠየቅ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ሲዛባ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2014 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ከቺካጎ አጠገብ ባለችው ሻምበርግ፣ ወጣት አድናቂዎች ዳሽኮን የሚባል ጉባኤ አዘጋጁ። ብዙ ሺህ ሰው ይመጣል ብለው ሆቴል ያዙ፤ የመጣው ግን ካሰቡት እጅግ ያነሰ ነበር። በመጀመሪያው ምሽት ሆቴሉ 17,000 ዶላር አሁኑኑ ካልተከፈለኝ አለ። አዘጋጆቹ ትኬት ገዝቶ የገባውን ሰው ሰብስበው እንደገና ገንዘብ ለመኑት፤ ሕዝቡም እዚያው አዋጣላቸው። በማግስቱ ደግሞ ዋና ተጋባዦቹ ክፍያችን አልተሰጠንም ብለው ሄዱ። ለእነሱ ዝግጅት የተለየ መቀመጫ የያዙ ሰዎች እንደ ካሳ ከተሰጧቸው ነገሮች አንዱ ልጆች የሚዘሉበት የፕላስቲክ ኳስ ገንዳ ውስጥ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ነበር። አስቂኝ ነው፤ ግን ልብ ብለው ያንብቡት። አዘጋጆቹ ሌቦች ስለነበሩ የሆነ አይደለም። የወጪ መሸፈኛ ነጥባቸውን በተስፋ ላይ ሠርተው፣ ትልቁን ሒሳብ በር ላይ በሚመጣ ገንዘብ ሊከፍሉ ስላሰቡ ነው።

የዎርልድኮን ሰዎች ይህን አደጋ ለመቀነስ ያበጁት ዘዴ በጣም ብልህ ነው። አንድን ጉባኤ የትኛው ከተማ እንደሚያስተናግድ የሚመረጠው ሁለት ዓመት አስቀድሞ በድምፅ ነው። ለመምረጥ የሚፈልግ ሰው ገንዘብ ይከፍላል፤ የከፈለውም ያሸነፈው ከተማ ጉባኤ አባልነት ሆኖ ይያዝለታል፣ የደገፈው ከተማ ቢሸነፍም። ስለዚህ ያሸነፈው ከተማ ሥራ ሲጀምር ሁለት ዓመት የቀረው ቢሆንም ካዝናው ባዶ አይደለም፤ አባላቱም በስም ይታወቃሉ። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ቀኑ በተቃረበ ቁጥር ደረጃ በደረጃ ይጨምራል። ሌላም ነገር አላቸው፤ በአካል ሊገኝ የማይችል ሰው አነስ ያለ ክፍያ ከፍሎ የመምረጥ መብት ያለው አባል ይሆናል። ከጅማ ወጥተው በሪያድ ወይም በሚኒያፖሊስ የሚኖሩ ልጆች ለአገራቸው ጉባኤ እንዲህ ያለ ትኬት ቢቀርብላቸው የሚገዙ ይመስለኛል። እንደ እኔ እምነት ይህ ከስፖንሰር ደጅ ጥናት ይሻላል።

እንግዲህ ማስታወቂያው በእጅዎ ነው። ምን ይመርምሩ? በመጀመሪያ ገንዘቡ የሚገባበትን ሒሳብ። በአንድ ሰው ስም የተከፈተ የግል ሒሳብ ከሆነ ሰውየው መልአክ ቢሆን እንኳ ቢታመም ወይም ስልኩ ቢጠፋ ሁሉም ነገር ይቆማል። እድራችን ለዘመናት ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ለይቶ የኖረው ለዚህ ነው፤ በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ የእዚያው ልማድ ተከታይ ነው። ቀጥሎ አዳራሹን። «አዳራሹ ቀብድ ተከፍሎበታል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። አዎ ከተባሉ የአዳራሹን ስም ይጠይቁና አከራዩ ዘንድ አንድ ስልክ ይደውሉ። ጅማ ትልቅ ከተማ ብትሆንም አዳራሽ አከራይ ሁሉ ይተዋወቃል። ገና ነው ከተባሉም መሸሽ የለብዎትም፤ ስንት ትኬት ሲሸጥ ቀብዱ እንደሚከፈልና በየትኛው ቀን ያ ቁጥር ካልሞላ ገንዘብ እንደሚመለስ ይንገሩዎት። ለዚህ መልስ ያለው አዘጋጅ ከላይ የሠራነውን ሒሳብ ሠርቷል ማለት ነው። መልስ የሌለው፣ «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ይሞላል» የሚል ደግሞ ሒሳቡን አልሠራም።

ትኬቱን ራሱን ይዩት። ተከታታይ ቁጥር፣ የገዢው ስም፣ ቀን፣ ምን እንደሚያካትት፣ ቢቀር ምን እንደሚሆን ይጻፍበት። ከደረሰኝ ጥራዝ ሲቆረጥ ቀሪው በካርቦን ከሥሩ የሚቀር ከሆነ ጥሩ ነው፤ ገንዘብ ያዡ ስንት እንደሸጠ ማንም መቁጠር ይችላል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቴሌብር መጥቶ ከአጋሮ ሳይነሱ መክፈል ተችሏል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የክፍያ ማረጋገጫ ምስል በስልክ ሊቀነባበር ስለሚችል ጠንቃቃ አዘጋጅ የላኩለትን ምስል አይቶ አያምንም፤ የግብይት ቁጥሩን ከራሱ ሒሳብ ጋር ያመሳክራል። ሁለት ቀን ቆይቶ ትኬት ቢልክልዎ አይናደዱ። እርስዎም የግብይት ቁጥሩን እስከ ጉባኤው ቀን አያጥፉት።

ከአዘጋጆቹ አቅም በላይ የሆነ ነገርም ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲገባ የሰሜን አሜሪካው ፌዴሬሽን ዝግጅቱን ሰርዟል፤ ኒውዚላንድ ዌሊንግተን ሊደረግ የነበረው ዎርልድኮን ደግሞ በኢንተርኔት ተካሂዷል። በእኛ አገር መንገድ የሚዘጋበት፣ ስብሰባ የሚከለከልበት ጊዜ እንዳለ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ለዚህ ሲባል ትኬቱ ላይ ከሦስት አንዱ ተለይቶ ይጻፍ፤ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፣ ከወጣው ቀብድ የተረፈው ተካፍሎ ይመለሳል፣ ወይም ትኬቱ ለሌላ ቀን ይተላለፋል። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ ለበጎ ፈቃደኞች ከዚህ የበለጠ ቃል መግባት ሐሰት ነው፤ ከኪሳቸው የሚያሟሉት የላቸውም። «ሙሉ በሙሉ እንመልሳለን» የሚለው ማስታወቂያ ይበልጥ ያሳስበኛል።

ከገዙ በኋላ ደግሞ መሄድ ቢያቅትዎ ትኬቱን ኪስ ውስጥ አያስቀሩት። ለሌላ ሰው በገዙበት ዋጋ ያስተላልፉና ለአዘጋጆቹ የሰውየውን ስም ይንገሩ፤ ምሳው ለእሱ ይቀመጣል። አትርፎ መሸጥ ግን ነውር ነው፤ ትርፉ ለአዳራሹም ለምግብ አብሳይዋም አይደርስም። ስለ ሒሳቡና ስለ አዳራሹ የጠየቁት መልስ ካገኘ ግን አይጠብቁ። በመጀመሪያው ሳምንት ይክፈሉ፤ ያ ሳምንት ነው ቀብዱ የሚከፈልበት።